የማን ተራ ነው?

ጎጃም ውስጥ ያደገ ሰው ፊደል ከመቁጠሩ በፊት ተራ ማክበርን ይማራል። ወፍጮ ቤት ስልቻውን በመጣበት ቅደም ተከተል ያስቀምጣል፤ ምንጭ ሲወርድ እንስራውን ከፊተኛው ኋላ ያሰልፋል፤ የማኅበሩን ድግስ ተራው ሲደርስ ይደግሳል። ተራ የዘለለ ሰው ዱቄቱን ቶሎ ቢያገኝም ስሙ ይነሣል። ሐኪም ቤት ውስጥም ሌሊቱን የሚያነጋው ነርስ መጠሪያው «ተረኛ» ነው። የዚህ ተረኛ የመጀመሪያ ሥራ ግን ተራ ማፍረስ ነው። ማን እንዲያፈርስ እንደሚያዘው፣ ማን እንደሚቀየመው፣ ሲነጋ ምን ተሸክሞ ወደ ቤቱ እንደሚገባ ለማየት አንድ ሌሊት እናስብ። ሌሊቱ የታሰበ ነው፤ በውስጡ ያሉት ጭንቀቶች ግን በደጋው ጎጃም የድንገተኛ ሥራ የሠራ ሁሉ የሚያውቃቸው ናቸው።

የገበያ ቀን ነው፣ ደብረ ማርቆስ፣ አመሻሽ ላይ። በድንገተኛ ክፍሉ በር ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው የተከናነቡ አዛውንት ተቀምጠዋል። ከማቻከል በጠዋት ተነሥተው የመጡ ናቸው፤ ሳምንት ሙሉ ሲያስላቸው ከርሟል፣ ጎናቸውን ይወጋቸዋል። ልጃቸው ካርዱን ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። አንድ ባጃጅ ጥሩምባውን እየነፋ ይገባል፤ ሁለት ወጣቶች ይወርዳሉ። አንዱ ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ ሸሚዙን አርሶታል፤ ይጮኻል፣ ይሳደባል። ሌላው በእግሩ እየተራመደ፣ ግራ ጎኑን ደግፎ፣ «እኔ ደህና ነኝ፣ እሱን እዩልኝ» ይላል። ነርሷ ሦስቱንም በዓይኗ ከቃኘች በኋላ እጇን የምትይዘው የዚያን በእግሩ የመጣውን ነው። የልብ ምቱ በደቂቃ 130። የደም ግፊቱ የላይኛው ቁጥር 85። ከንፈሩ ነጥቷል፤ መዳፉ ቀዝቃዛና እርጥብ ነው። የተመታበት ዱላ ጣፊያው ላይ ያረፈ ይመስላል፤ ደሙ ወደ ውስጥ እየፈሰሰ ነው።

«አልጋ አምጡ!» ትላለች። የተፈነከተው ልጅ ዘመዶች ይነሣሉ፦ «ይህ ሁሉ ደም እየፈሰሰ ዝም ትላላችሁ?» አዛውንቱ ምንም አይናገሩም። ልጃቸው ነው የሚናገረው፦ «ዶክተር፣ እኛኮ ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ ነን። ሽማግሌ አይከበርም?»

ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ እሷም አታርመውም።

ይህ ሰውን በሕመሙ ክብደት የመለየት ሥራ ትሪያጅ ይባላል፤ የተወለደውም ከጦር ሜዳ ነው። የናፖሊዮን ሠራዊት ሐኪም የነበረው ፈረንሳዊው ዶሚኒክ ዣን ላሬ እ.ኤ.አ. በ1790ዎቹ ቁስለኛን ከጦርነቱ መሐል በፈረስ ጋሪ ማንሣት ጀመረ። ማን ቀድሞ ይታከም ለሚለው ጥያቄ የሰጠው መልስ ለዘመኑ ድፍረት ነበር፦ ማዕረግም ሆነ ወገን ሳይታይ ጉዳቱ የከበደ ይቅደም። በአገራችን ሆስፒታሎች በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀው ስልት ይሠራበታል፤ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ሙቀትና ንቃት ተለክተው ለእያንዳንዱ ነጥብ ይሰጣል፤ በሽተኛውም ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ይሆናል። ጩኸት ነጥብ የለውም። እንዲያውም ለሠራተኛው የሚጮኽ ሰው ቢያንስ የአየር ቧንቧው ክፍት የሆነ ሰው ነው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው።

እዚህ ላይ የጎጃም ነገር ይመጣል። ወንድ ልጅ አያቃስትም ተብሎ ያደገ ገበሬ፣ ምጥ ላይ ሆና ከንፈሯን ነክሳ የምትችል ሴት፣ ሕመማቸውን ደብቀው በር ላይ ይደርሳሉ። «ከአሥር ስንት ያምዎታል?» የሚለው የመጽሐፍ ጥያቄ እነሱ ጋ ዋጋ የለውም፤ መልሱ ሁልጊዜ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ስለዚህ እዚህ የሠራች ጥሩ ነርስ መዳፍ መንካትና ከንፈር ማየት ትለምዳለች።

ነርሷ አልጋውን ገፍታ ከመሄዷ በፊት ለአንድ አፍታ ዞራ ወደ አዛውንቱ ጎንበስ ትላለች፦ «አባቴ፣ ረስቼዎት አይደለም። ይህ ልጅ ውስጡ እየደማ ነው፤ ከቆየ አናገኘውም። እርስዎን ተመልሼ አይዎታለሁ።» አዛውንቱ በእጃቸው «ሂጂ ልጄ» የሚል ምልክት ይሰጣሉ። ይህች ንግግር ሃያ ሴኮንድ ትወስዳለች። ጥድፊያ ነው እየተባለ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ እኔ ግን ከሕክምናው ጋር መቆጠር ያለባት ይመስለኛል። ሰው ተራው ለምን እንደተወሰደ ሲነገረው ተራውን ሰጠ እንጂ ተቀማ አይባልም፤ ይህንን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚረዱት ተራ ጠብቀው ያደጉ ሰዎች ናቸው።

*

በር ላይ የመጡት ሦስቱም ይታያሉ፣ ይዳሰሳሉ። በስልክ የሚመጣው ግን ድምፅ ብቻ ነው።

ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እያንዳንዱ ወረዳ ቢያንስ አንድ አምቡላንስ እንዲኖረው ብዙ መኪና ገዝቶ አከፋፈለ። ቀዳሚው ዓላማ እናቶችን ማትረፍ ነበር፤ ምክንያቱም በቁጥሩ ይታያል። በ1992ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 100,000 ሕፃናት በሕይወት ሲወለዱ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር፤ በ2008ቱ 412 ደረሰ። በጤና ተቋም የሚወለደው በ2003 ከመቶ 10፣ በ2008 ከመቶ 26፣ በ2011 ከመቶ 48 ሆነ። ይህን ሁሉ መኪናው ብቻ አላመጣውም፤ ከ1995 ጀምሮ በየቀበሌው የገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ ወላድ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ ገንፎዋ እየተገነፋ፣ ቡናዋ እየተፈላ የምትቆይባቸው የእናቶች ማቆያዎችም አሉ። ሆኖም ሌሊት ምጥ የመጣባት ሴት ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያስበው ያንን መኪና ነው።

አንድ ወረዳ፣ አንድ መኪና። የምሥራቅ ጎጃምን ምድር ለሚያውቅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መንገር አያስፈልግም። ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚነሣው የጮቄ ውርጭ እስከ ዓባይ በረሃ ቆላ ድረስ በአንድ ዞን ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ዋልካው ጎማ ይውጣል። መኪናው የማይደርስበትን ቃሬዛ ይደርስበታል፤ አራት ሰው ተሸክሞ ሌላ አራት ሰው ከኋላ ይከተላል፤ የደከመው ትከሻ ለተከታዩ ያስረክባል፣ መንገደኛም ዝም ብሎ አያልፍም። እዚያም ቢሆን ሥራው በተራ ነው።

በዚያው ሌሊት፣ ስናን ወረዳ፣ አራት ሰዓት ላይ የሾፌሩ ስልክ ይጠራል። ከጮቄ ግርጌ አንዲት የመጀመሪያ ልጇን የምታምጥ ሴት አለች፤ ምጡ ከጀመራት ሁለት ሰዓት ሆኗታል። ሾፌሩ ጫማውን እያሰረ ሳለ ሌላ ስልክ ይመጣል። በሌላኛው የወረዳው ጫፍ አንድ ሰው ማር ሊቆርጥ ገደል ወርዶ ወድቋል፤ ከጆሮው ደም ይወርዳል፣ ሲጠሩት አይመልስም። የሚደውለው ወንድሙ ነው።

በብዙ ወረዳ የሚሠራበት ልማድ መኪናው የእናቶች ነው ይላል። ሾፌሩ ግን ስንት ወላድ አመላልሷል፤ የመጀመሪያ ምጥ በአብዛኛው ረጅም እንደሆነ ያውቃል፤ ከጆሮ የሚወርድ ደም ምን ማለት እንደሆነም ያውቃል። ወደ ወደቀው ሰው ሄዶ እናቲቱ አንድ ነገር ብትሆን ማለዳ ላይ ስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል። ወደ እናቲቱ ሄዶ ያ ሰው ቢሞት ማንም አይጠይቀውም። ይህ ሚዛን ትክክል አይደለም፤ ግን ያለው እሱ ነው። ደግሞም ልማዱ ያለ ምክንያት አልመጣም፤ እሱ ባይኖር ጥሩ ዘመድ ያለው፣ ስልክ የሚያስደውል ባለሥልጣን የሚያውቅ ሰው ሁሉ መኪናዋን ይወስዳት ነበር፤ ስልክ የሌላት ወላድም ቤቷ ትቀር ነበር። ጭንቀቱ በክፉና በደግ መካከል አይደለም፤ ብዙ ሰው ያዳነ ደንብ በአንድ ሌሊት አንድን ሰው ሲያሳልፍ ነው።

«ወንድሜ፣ ወላድ ይዤ እየወጣሁ ነው። በቃሬዛ አውርዳችሁ አስፋልቱ ጋ አድርሱት፣ መኪና ለምኑ» ይላል ሾፌሩ። ሌላ የሚለው የለውም።

ሰሪን ታዴዎስና ዲቦራ ሜይን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1994 ባሳተሙት ጽሑፍ እናቶችን የሚገድሉትን መዘግየቶች በሦስት ከፍለዋቸው ነበር፦ ቤት ውስጥ ለመወሰን የሚፈጀው ጊዜ፣ መንገድ ላይ የሚፈጀው፣ ጤና ተቋሙ ከደረሱ በኋላ የሚፈጀው። በጎጃም ደጋ ሁለተኛው ብቻውን ሦስቱንም ያህላል። ናፍጣ ባለቀ ጊዜ ቤተሰቡ እንዲያዋጣ ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ የሚለውም ጥያቄ የሚነሣው እዚያው ነው። ሕክምናው ለወላድ ነፃ ነው፤ በነፃው መንገድ ላይ ገንዘብ የጠየቀ ሠራተኛ ሕሊናው ይወቅሰዋል፣ ያልጠየቀም መኪናው ይቆምበታል።

*

የጣፊያው ልጅ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊገባ ሲል እናቱ ትደርሳለች። ነጠላዋን አደግድጋለች፤ በእጇ የሃይላንድ ጠርሙስ ይዛለች፣ ውስጡ ጠበል አለ። «ልጄ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይጎንጭ» ትላለች። ነርሷ ሆዱ ባዶ መሆን እንዳለበት ታስረዳለች። እናቲቱ በዓይኗ ታያታለች፦ «ውኃ አይደለም እኮ። ጠበል ነው።»

በእናቲቱ ዓለም ይህ ሐቅ ነው፤ ጠበል ከውኃ ጋር አይቆጠርም። በማደንዘዣ ባለሙያው ዓለም ደግሞ ሌላ ሐቅ አለ። ኩርቲስ ሜንደልሰን የተባለ የኒው ዮርክ የማኅፀን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1946 እንዳሳየው፣ ማደንዘዣ የወሰደ ሰው ጨጓራው ውስጥ ያለው ነገር ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል፤ የተኛ ሰው ማሳል አይችልምና። ሁለቱ ሐቆች የሚገናኙት በአንዲት ነርስ እጅ ላይ ነው። ነርሷም ከዚሁ አገር ናት፤ እሷም ጠዋት ፊቷን ሳታማትብ ከቤት አትወጣም።

ብዙዎቹ የሚያደርጉትን ታደርጋለች። ጠርሙሱን በሁለት እጇ ትቀበላለች፤ በመዳፏ ጨምራ ግንባሩን፣ ደረቱን ትረጫለች፤ ጥጥ አርሳ ከንፈሩን ታብሳለች። «እናቴ፣ ቀሪው ራስጌው ይቀመጥ። ሲነቃ ራስሽ ታጠጪዋለሽ።» እናቲቱ «እመብርሃን ትከተልህ» ብላ ታማትበዋለች። አልጋው ይገፋል።

ይህንን አጉል እምነትን ማስታመም ነው የሚሉ ባልደረቦች አሉ። አልስማማም። ጠርሙሱን የነጠቀች ነርስ የሚቀጥለውን በሽተኛ ነው የምታጣው፤ ሰፈሩ ሁሉ «እዚያ ጠበል ይከለክላሉ» ብሎ ሰው እስኪደክም ቤት ያቆያል፣ ያም የመጀመሪያው መዘግየት ነው። የቤተ ክርስቲያኒቱ አባቶችም መንገዱን ከፍተዋል፤ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በግልጽ መክረዋል። ጠበሉ መድኃኒት አቋርጡ ሲያሰኝ ግን ነርሷ ፊት ለፊት መቆም አለባት፤ እዚያ ላይ መለሳለስ ሰው ይገድላል።

ሠራተኛውም የራሱ እምነት አለው። ገድ የሚባለውን ነገር ጋዋን መልበስ አያጠፋውም፤ እገሊት ዱቲ ስትገባ ኬዝ ይበዛል፣ እገሌ ገደኛ ነው ሌሊቱ ሰላም ያድራል ይባላል። «ዛሬ ጭር ብሏል» ያለ ሰው በቁጣ ይታያል። ይህ በዓለም ሁሉ ያለ ነው፤ እንግሊዝ አገር ተመራማሪዎች በላቦራቶሪ ሠራተኞች ላይ ሞክረውት፣ ቃሉ ቢነገርም ባይነገርም የሥራው ብዛት ለውጥ እንደሌለው እ.ኤ.አ. በ2019 አሳትመዋል። ቃሉን የሚፈሩት ግን መፍራታቸውን አልተዉም፤ የሚመጣውን በማያውቁት ሥራ ውስጥ አፍን መጠበቅ በእጃቸው ያለ ትንሽ ነገር ነውና። 

*

እኩለ ሌሊት ላይ ሌላ ባጃጅ ይመጣል። ክንዱ የተሰበረ ሰው ነው። በር ላይ የቆሙት ዘመዶች ፊት ይለወጣል፦ ዱላውን ያነሣው እሱ ነው። ጥበቃው ወደ በሩ ይጠጋል። ነርሷ ሰውየውን በጓሮ በር ወደ ሕፃናት ክፍል ታስገባዋለች፤ እዚያ ማንም አይፈልገውም። ክንዱን እያሰረችለት ስለ ሌላኛው ልጅ ይጠይቃታል። «በሕክምና ላይ ነው» ትላለች፤ ከዚያ በላይ አትናገርም። ከዘመዶቹ አንዱ ኮሪደሩ ላይ ይይዛታል፦ «እታለም፣ ለደመኛችን ነው ማስታገሻ የምትሰጪው?» ያገር ልጅ ነው፤ ነገ ገበያ ላይ ታገኘዋለች።

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ሕይወቱ አደጋ ላይ ላለ ሰው ያለ በቂ ምክንያት እርዳታ የነፈገ የሕክምና ባለሙያ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። እሷን ጸንታ እንድትቆም የሚያደርጋት ግን ሕጉ ብቻ አይደለም። ቁስለኛ ወገን የለውም የሚለው ሐሳብ እዚህ አገር በደም ተከፍሎበታል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በሐምሌ 1927 ዓ.ም. በተቋቋመ በወራት ውስጥ የጣሊያን ጦር ወረረን፤ በ1928 ዓ.ም. በኅዳር ደሴ ላይ የነበረው ሆስፒታል፣ በታኅሣሥ መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን የቀይ መስቀል ሐኪሞች ድንኳን፣ በየካቲት ቆረም አጠገብ የእንግሊዞቹ ሰፈር፣ ምልክታቸው እየታየ በአውሮፕላን ተደበደቡ። የእንግሊዞቹን ቡድን የመራው ዶክተር ጆን ሜሊ ከዚያ ተርፎ፣ በዚያው ዓመት ሚያዝያ መጨረሻ አዲስ አበባ በዝርፊያ ስትታመስ መንገድ ላይ የወደቀ ቁስለኛ ሊያነሣ ሲል በጥይት ተመታና ሞተ።

ነገሩ ታሪክ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በፌዴራል ኃይሎችና በፋኖ መካከል ውጊያ አለ፤ ጎጃም ደግሞ መሐሉ ነው። ሂውማን ራይትስ ዎች በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ባወጣው ሪፖርት ቢያንስ በ13 ከተሞች በጤና ተቋማት፣ በሠራተኞችና በበሽተኞች ላይ የደረሰውን ጥቃት መዝግቧል፤ የፋኖ ቁስለኛ አክማችኋል ተብለው የተደበደቡና የታሰሩ ሐኪሞችና ነርሶች አሉበት። በኅዳር 2016 ወገል ጤና ከተማ ላይ አንድ አምቡላንስ በድሮን ተመትቶ ሰዎች ሞተዋል። ኮሪደር ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ ያው ነው፤ የሚጠይቀው ሰው ግን የያዘው ዱላ አይደለም። ነርሷ የምትመልሰው መልስም ያው «ቁስለኛ ወገን የለውም» መሆን አለበት፤ ይህን ስል ቤቴ ቁጭ ብዬ መጻፍ ቀላል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እሷ ግን ትመልሰዋለች፣ በየሌሊቱ።

*

አምቡላንሱ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይደርሳል። እናቲቱ የመጣችው ሕፃኑ አልወርድ ብሎ ነው፤ በኦፕራሲዮን ትገላገላለች፣ ሁለቱም ደህና ናቸው። ከዚያ ሁለት ሰዓት ቆይቶ አንድ አይሱዙ ገደል የወደቀውን ሰው ያመጣዋል። ነርሷ ዓይኑን በብርሃን ታያለች፤ ትንፋሹን ትሰማለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ያርፋል።

የሕክምና መጻሕፍት ሞትን ለቅርብ ቤተሰብ፣ ለብቻ አድርጎ፣ በግልጽ ቃል ንገር ይላሉ። ያገሩ ወግ ሌላ ነው፤ መርዶ በሌሊት አይነገርም፣ በስልክ አይነገርም፣ ሚስት ከማንም ቀድማ አትሰማም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ፣ ማለዳ ይረዳል። ነርሷ ወንድምየውንና አጎቱን ለብቻ ጠርታ «አርፏል» ትላቸዋለች። ወንድምየው አፉን በጋቢው ያፍናል። አጎቱ ወዲያው «ሚስቱ ትደውላለች፤ እህቴ፣ ብትደውል ‹ተኝቷል› በይልኝ» ይላሉ። ነርሷ እንዲህ ያለውን ውሸት አትወድም። «ስልኩን አላነሣውም» ትላለች። ይህም ይበቃቸዋል።

ሲነጋ ሾፌሩ ባዶውን መኪና ሊያስነሣ ሲል ወንድምየው ይጠጋዋል። «ወንድሜ፣ ወደ ስናን ነህ አሉኝ። ሬሳችንን...» ሾፌሩ ድምፁን ያውቀዋል። የማታው ስልክ ነው። እሱም የሾፌሩን ድምፅ ለይቶታል።

አምቡላንስ ሬሳ አይጭንም። ሾፌሩ ደንቡን ያውቀዋል፣ ምክንያቱንም ያውቃል፤ ይቺው አልጋ ከሰዓት በኋላ ወላድ ልትተኛባት ትችላለች፤ ለአንዱ ከጫነ ለሁሉ ሊጭን ነው። ከሞተር ጩኸት በስተቀር ለጥቂት ጊዜ የሚሰማ ነገር የለም። አይሱዙው እስኪለመን፣ ሣጥኑ እስኪሠራ ግማሽ ቀን ይሄዳል። አጎቱ ናቸው ዝምታውን የሚሰብሩት፦ «ልጄ፣ እኔን ብቻ ውሰደኝ። ሬሳው ከመድረሱ በፊት ደርሼ ሰው ልሰብስብ።»

ስለ መርዶ ነጋሪ ደንቡ የሚለው ነገር የለም። ሾፌሩ የጋቢናውን በር ይከፍትላቸዋል። ባዶው አልጋ ከኋላ እየተንገጫገጨ፣ ሁለቱም ሳይነጋገሩ፣ ዳገቱን ይወጣሉ። መንደሩ ከመታየቱ በፊት ካለው መታጠፊያ ላይ አጎቱ እጃቸውን ያነሣሉ።

«እዚህ አውርደኝ» ይላሉ። «በአምቡላንስ ስመጣ ካዩኝ ያውቁታል።»